ሁለት በር ተከፍቶልኛል፤ የወጣቶች ኦርኬስትራ ወይስ የኦፔራ ቤት ፒያኖ?

ዋዜማ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፒያኖ ተጫዋች ነኝ፣ 23 ዓመቴ ነው። የኦርኬስትራ መሪ (ኮንዳክተር) የመሆን ሐሳብ የያዘኝ አንድ ልምምድ ላይ ከኋላ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው። መሪው እጁን አነሳ። ገና ምንም ድምፅ የለም፣ ግን ሰማንያ ሰው አንድ ላይ አየር ሲስብ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሥራ አላማረኝም።

አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር መጣልኝ። አንደኛው የወጣቶች ኦርኬስትራ ነው፣ ረዳት መሪ ሁኚ ብለውኛል። በየሁለት ሳምንቱ ራሴ ቆሜ እመራለሁ፣ ስሜም ፕሮግራሙ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ኦፔራ ቤት ነው፣ ቲያትር በዘፈን የሚቀርብበት። ሥራው ዘፋኞችን በፒያኖ ማለማመድ ነው፣ ውሉ የሁለት ዓመት። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ኦርኬስትራ ፊት ትቆሚያለሽ ብለን ቃል አንገባም ብለው ቁርጡን ነግረውኛል።

ጓደኞቼ በሙሉ የመጀመሪያውን ያዢ ይላሉ። አስተማሪዬ ግን ሁለተኛውን አለኝ። ለምን ስለው «ገብተሽ እዪው» ብሎ ዝም አለ። መልስ መስጠት ያለብኝ እስከ አርብ ነው። ሥራው ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ብራና

የመጀመሪያውን ያዢ። ነገሩ ግልጽ ነው። ቫዮሊን የሚማር ሰው ቤቱ ቫዮሊን አለው። የኮንዳክተር መሣሪያ ግን ሰው ነው፣ ያውም ስልሳ ሰማንያ ሰው። ያንን መሣሪያ ማንም ዝም ብሎ አያበድርሽም። መስታወት ፊት ቆሞ እጅ ማወናጨፍ ልምምድ አይባልም። የሚሰጥሽ ስታገኚ በሁለት እጅሽ ተቀበዪ። ሁለት ዓመት ያለ ኦርኬስትራ መቀመጥ በዚህ ዕድሜ ትልቅ ኪሳራ ነው።

የልምምድ_ፒያኖ

እኔ 11 ዓመት በኦፔራ ቤት የልምምድ ፒያኖ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ወደየት እንደማደላ ከወዲሁ እወቂው። ብራና ስለ መሣሪያው ያለው እውነት ነው። ግን የዚያ ጠባብ ክፍል ሥራ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም።

ጠዋት አንዲት ሶፕራኖ (ከፍ ያለ ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ትመጣለች። ክፍሉ ውስጥ ፒያኖ፣ ሁለት ወንበርና የኖታ ማቆሚያ ብቻ ነው ያለው። አንቺ ኦርኬስትራውን በሙሉ በአሥር ጣትሽ ትጫወቻለሽ። የሌሎቹን ዘፋኞች መስመር ደግሞ በራስሽ ድምፅ ትዘፍኚላታለሽ፣ መግቢያዋን እንድታውቅ፣ ድምፅሽ አማረም አላማረም። በዚያው ላይ ቃሏን ትሰሚያለሽ። ጣልያንኛው ላይ መጥበቅ ያለበትን ድምፅ አላልታ ካለችው ታስቆሚያታለሽ፣ ምክንያቱም ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። እጅሽ ሥራ ላይ፣ አፍሽ ሥራ ላይ፣ ዓይንሽ ደግሞ ጎኗ ላይ ነው። ጎኗ ላይ ለምን? ትንፋሽ የሚታየው እዚያ ነዋ። ረጅም ሐረግ ከመምጣቱ በፊት የጎድን አጥንቷ ሲሰፋ ታያለሽ። ዛሬ ሙሉ ሰፋ ወይስ ግማሽ? ግማሽ ከሆነ ሐረጉ ሳያልቅ አየር ያጥራታል፣ ስለዚህ አራት ምት ቀደም ብለሽ በጣም ትንሽ ፈጠን ትያለሽ፣ ማንም ሳይነቃ፣ እሷም ሳትነቃ። እኔ መምራት የምለው ይህን ነው። በትር አልያዝሽም እንጂ እየመራሽ ነው። ይህንን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ አንዱ ከአንዱ ከማይመሳሰል ሰው ጋር ታደርጊዋለሽ። በሁለት ዓመት ስንት ሰው እንደሚሆን አስቢው።

ታሪኩንም እዪ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አቀናባሪውና መሪው ጉስታቭ ማህለር ቪየና ኦፔራ የገባው በ1897 ነው። በ1880 ባድ ሃል በምትባል የጠበል ከተማ ኦፔሬታ (ቀለል ያለ ኦፔራ) ነበር የሚመራው። ከዚያ ሉብሊያና፣ ኦሎሞውትስ፣ ካስል፣ ፕራግ፣ ላይፕዚግ፣ ቡዳፔስት፣ ሃምቡርግ። ቁጠሪያቸው፣ ስምንት ናቸው። ቪየና ዘጠነኛው ነው፣ 17 ዓመት ፈጅቷል።

ጌዮርግ ሾልቲ ቡዳፔስት ኦፔራ ውስጥ ለዓመታት የኖረው ፒያኖው ላይ ነው። አይሁዳዊ ስለነበር በትሩን ሊሰጡት አልፈለጉም። አንድ ምሽት ብቻ ሰጡት፣ ማርች 11 ቀን 1938፣ የሞዛርትን «የፊጋሮ ጋብቻ»። በማግስቱ የጀርመን ጦር ኦስትሪያ ገባ። እሱም ብዙ ሳይቆይ አገሩን ለቀቀ፣ ጦርነቱን በሙሉ ስዊዘርላንድ ሆኖ ፒያኖ እየተጫወተ አሳለፈ። በ1946 ሙኒክ ላይ የኦፔራው ሙዚቃ ዳይሬክተር ሆነ። ከዚያ ፍራንክፈርት፣ ከዚያ ለንደን ኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት 10 ዓመት፣ ቺካጎ ሲምፎኒ ደግሞ ከ1969 እስከ 1991። 31 የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል። እነዚያ የፒያኖ ዓመታት ጠፉበት የሚል ሰው አላውቅም።

አንቶኒዮ ፓፓኖ ደግሞ የኮንሰርቫቶሪ ደጃፍ አልረገጠም። አባቱ ዘፈን ያስተምሩ ነበር፣ እሱ ገና ልጅ ሆኖ ተማሪዎቻቸውን በፒያኖ ያጅብ ነበር። ከዚያ በልምምድ ፒያኖ ተቀጠረ፣ የመሪው የባሬንቦይም ረዳት ሆነ፣ ኦስሎ፣ ብራሰልስ፣ በመጨረሻም ከ2002 እስከ 2024 ኮቨንት ጋርደንን መራ። ስለዚህ አስተማሪሽ ዝም ሲልሽ ያወቀው ነገር አለ።

ንጋት_ሰሚ

መሪውን ካርሎስ ክላይበርን ማን ያንሳልኝ? እሱም በ1952 ሙኒክ፣ ጌርትነርፕላትስ ቲያትር ውስጥ በፒያኖ በማለማመድ ነው የጀመረው። አባቱ ኤሪክ ክላይበር ነበር፣ በዘመኑ ከነበሩት ትልልቆቹ አንዱ፣ ሆኖም ልጁ መጀመሪያ ዙሪክ ሄዶ ኬሚስትሪ ነው የተማረው። በሕይወቱ የመራቸው የኦርኬስትራ ኮንሰርቶች መቶ አይሞሉም፣ ኦፔራው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የቀዳቸውን የቤትሆቨን 5ኛና 7ኛ ሲምፎኒ ስሚ፣ የ1970ዎቹ ናቸው። ኦርኬስትራው የሚዘፍን ይመስላል። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ ሰሚ ነኝ፣ ግን ያ ድምፅ ከኦፔራ ቤት የመጣ እንደሆነ ለመናገር ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም።

ብራና

እሺ፣ ስም ከተቆጠረ እኔም እቆጥራለሁ። ክላውዲዮ አባዶ በ1958 የኩሴቪትስኪን ሽልማት፣ በ1963 ደግሞ የሚትሮፖሎስን ውድድር ያሸነፈ ነው። በውድድሩ ምክንያት ኒውዮርክ ሄዶ ከመሪው ከበርንስታይን ጎን ሠራ። በ1968 የሚላኑን ኦፔራ ቤት ላ ስካላን ሲይዝ 35 ዓመቱ ነበር። ጉስታቮ ዱዳሜል በልጅነቱ ከኦርኬስትራ ወንበር ተነስቶ ነው በትር የያዘው፣ በ2004 ባምበርግ ላይ የማህለር ውድድርን አሸነፈ፣ በ28 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክን ተረከበ። ሁለቱም ዘፋኝ ሲያለማምዱ አላደጉም።

ደግሞ ከፒያኖ ጀርባ የማይለመድ ነገር አለ። የቤትሆቨን 5ኛ አጀማመር ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ያቺን ሦስት አጭር አንድ ረጅም። ግን ሙዚቃው በድምፅ አይጀምርም። ከመጀመሪያዋ ኖታ በፊት ዝምታ ተጽፏል፣ የግማሽ ምት ዕረፍት። መሪው ወደ ዝምታው ነው በትሩን የሚያወርደው፣ ባለ ክር መሣሪያዎቹና ክላሪኔቶቹ ከዚያ በኋላ ነው የሚገቡት። ትንሽ ካመነታሽ የመጀመሪያዋ ኖታ ትበተናለች፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ። ይህንን በፒያኖ ስትጫወቺው ችግር የለም፣ እጁም ጭንቅላቱም ያንቺው ነው። ስልሳ ሰው ፊት ቆመሽ ካልሞከርሽው አታውቂውም። አምስት ጊዜ ተበትኖብሽ ስድስተኛው ላይ ይገባል። ወጣቶቹ ጋ የምታገኚው ያንን አምስት ጊዜ መሳሳት ነው፣ እሱን ደግሞ ሌላ ቦታ አያስችሉሽም።

ሁለተኛ_ቼሎ

ልጄ ዋዜማ፣ እኔ ደግሞ ኦርኬስትራው ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ልንገርሽ። 26 ዓመት ከመድረኩ ግርጌ ቼሎ፣ ያን ቁጭ ተብሎ የሚመታ ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ፣ ስጫወት ኖሬያለሁ። መድረኩ አይታየኝም፣ መሪው ግን በደንብ ይታየኛል፣ ከአገጩ እስከ ወገቡ።

ብራና ስለ 5ኛው ያልከው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። እኛ በትሩን አይተን ብቻ አይደለም የምንገባው። መሪው ሲተነፍስ አብረን እንተነፍሳለን፣ የመጀመሪያው ቫዮሊን አለቃ ቀስት ሲነሳ በዓይናችን ጥግ እናያለን፣ በዚህ ነው የምንገባው። ትንፋሽ የሌለው መሪ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር አይገባንም። አንድ ኦርኬስትራ አዲስ ሰው ለመመዘን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከመድረኩ ጫፍ እስከ ማቆሚያው ሲራመድ፣ አንገቱን ሲያዞር፣ የመጀመሪያውን ምት ሲሰጥ፣ በቃ፣ እዚያው ላይ አብዛኛው ነገር አልቋል።

አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገርሽ፣ የሰውየውን ስም አልጠራም። ወጣት ነበር፣ ሁለት ሦስት ውድድር አሸንፎ የመጣ። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ሃያ ደቂቃ ስለ ሙዚቃው አወራልን። ጥሩ ነገር ነው ያወራው፣ እኛ ግን ቀስታችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው የሰማነው። እጁ ቆንጆ ነበር፣ ልምምዱም ጥሩ ሄደ። ችግሩ የመጣው ማታ፣ ሰው በተቀመጠበት ነው። ቴኖሩን (ከፍ ያለ ድምፅ ያለውን ወንድ ዘፋኝ) ጉንፋን ይዞታል፣ ያንን ቀን ሙሉ አውቀናል። አንድ ከፍ ያለ ኖታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ከሚይዘው ግማሹን ብቻ ይዞ ለቀቀ፣ አየር አልነበረውምና። መሪው አላየውም። ዓይኑ ኖታው ላይ ነበር፣ እጁም ልምምድ ላይ የተስማሙበትን ርዝመት እየጠበቀ አየር ላይ ቆሟል። ዘፋኙ ወደፊት ሄዷል፣ እጁ ኋላ ቀርቷል፣ መሐል ላይ እኛ አለን። ያን ማታ ያዳነን የቫዮሊን አለቃችን ነው፤ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ብሎ በቀስቱ ቀጣዩን ምት ሰጠን፣ ሁላችንም እሱን ተከተልን። ታዳሚው ምንም አላወቀም። ሰውየው ግን ለዕረፍት ሲወጣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር፣ አሳዘነኝ። መጥፎ ሙዚቀኛ አልነበረም። ዘፋኝ አጠገቡ ቆሞ ሲተነፍስ ሰምቶ አያውቅም፣ ይኸው ነው።

በሌላ ጊዜ ደግሞ መሪው ታሞ ከልምምድ ክፍል አንዲት ሴት አወረዱልን። በትር አያያዟ ስለሚያምር አይደለም የወደድናት፣ እንዲያውም እጇ ትንሽ ግር ይል ነበር። ግን ከንፈሯ ቃሉን ሁሉ አብሮ ይላል። ዘፋኙ የት ሊተነፍስ እንደሆነ ከእሷ ፊት ላይ እናነብ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ቦታ አልተደናበርንም።

ብራና

ጋሽ ቼሎ፣ ታሪኩ ከባድ ነው። አንድ ነገር ልመን፦ የኔ ክርክር ኮንሰርት ለሚመራ ሰው እንጂ ኦፔራ ለሚመራ አይደለም። ዋዜማ ሁለቱንም ትፈልጊያለሽ?

ዋዜማ

ሁለቱንም። ሲምፎኒውንም ኦፔራውንም። አንዱን ምረጪ ብትሉኝ አልችልም።

ኮረስ_አልቶ

እንግዲህ እኔ ከመድረኩ ጥግ ነኝ፣ ከጅምላ ዘፋኞቹ፣ ከኮረሱ ጋር፤ ድምፄ አልቶ ነው፣ ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ። ከእኛ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ስላለ ልናገር፣ ብዙ ጊዜ ማንም አያነሳውም።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ፈጣን ይመስላል። ግን መድረኩ መጨረሻ ላይ ከኦርኬስትራው 20 ሜትር ርቀን ስንቆም ሙዚቃው 0.06 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሰናል። የሰማነውን ተከትለን ከዘፈንን ደግሞ የእኛ ድምፅ ወደ መሪው ሲመለስ ሌላ 0.06 ይጨመርበታል። ሁለቱ ሲደመር ፈጣን ሙዚቃ ላይ አንዲት አጭር ኖታ ያህላል። ስለዚህ እኛ ጆሯችንን አናምንም። የምናምነው እጁን ነው። በጆሮሽ የምትሰሚውን ትተሽ በዓይንሽ የምታዪውን ዝፈኚ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያልሞከረው አያውቅም፣ በተለይ ጀርባሽን ሰጥተሽ እንድትሄጂ የመድረኩ ዳይሬክተር ሲያዝሽ።

ከመጋረጃው ጀርባ ስንዘፍን ደግሞ ይብሳል። ያኔ መሪው አይታየንም፣ ረዳት መሪ በትንሽ ስክሪን እሱን እያየ ለእኛ ይመታልናል። ጎበዝ ረዳት ስክሪኑን አይከተልም፣ በጥቂቱ ይቀድመዋል። ያ «ጥቂት» ስንት እንደሆነ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም፣ በየአዳራሹም ይለያያል። ይህንን ሥራ በብዙ ቤት የሚሠሩት የልምምድ ፒያኖ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዋዜማ፣ «ኦርኬስትራ ፊት አትቆሚም» ማለት «አትመሪም» ማለት እንዳይመስልሽ። እኛን ትመሪን ይሆናል።

የልምምድ_ፒያኖ

አልቶ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ራሴ ይህን ማንሳት ረስቼ ነበር፣ ከመጋረጃ ጀርባ ስንት ማታ እንደቆምኩ እየቆጠርኩ።

ዋዜማ

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው፣ ሁለቴ ሁለቴ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሙሉውን የኦርኬስትራ ኖታ ፒያኖ ላይ ማንበብ ገና ይከብደኛል። የተዘጋጀውን የፒያኖ ቅጂ እጫወታለሁ እንጂ ከሙሉው ላይ ገና ነኝ። ሁለተኛውን ደግሞ ለመጠየቅ ትንሽ እየከበደኝ ነው። ሴት መሆኔ በኦፔራ ቤት ይበልጥ ያስቸግረኛል ወይስ በኦርኬስትራ?

ኮረስ_አልቶ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስልሽ።

በሁለቱም ረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ቪየና ፊልሃርሞኒክ ሴት ተጫዋች በአባልነት የተቀበለው በ1997 ነው። የቫግነር ኦፔራዎች የሚቀርቡበት የጀርመኑ የባይሮይት ፌስቲቫል በ1876 ተጀምሮ ሴት መሪ ጉድጓዱ ውስጥ የቆመችው በ2021 ነው፣ ኦክሳና ሊኒቭ። 145 ዓመት! ቁጥሩን ሳየው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ግን የገቡትን ሴቶች መንገድ ተመልከቺ። ሲሞን ያንግ ሲድኒ ውስጥ የጀመረችው በልምምድ ፒያኖ ነው። በ1993 ቪየና ስቴት ኦፔራን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፣ ከ2005 እስከ 2015 የሃምቡርግ ኦፔራን መራች፣ በ2024 ደግሞ ባይሮይት ላይ የቫግነርን ሪንግ፣ አራቱንም ኦፔራ። ስፔራንዛ ስካፑቺም ለዓመታት ዘፋኝ ስታለማምድ ቆይታ ነው በትር የያዘችው፣ በ2022 ላ ስካላ ላይ ኦፔራ መራች፣ ከጣልያን ሴቶች የመጀመሪያዋ። ለምን በዚህ በር ገቡ ብትዪኝ የኔ ግምት ይህ ነው፦ ኦፔራ ቤት ውስጥ ሰዎች በየቀኑ ስትሠሪ ያዩሻል። ዘፋኙ በአንቺ ፒያኖ ሚናውን ተምሮ ወጥቷል፣ ያንቺን ጆሮ ያውቃል። መሪው ሲታመም ስምሽን የሚጠራው እሱ ነው። ኮንሰርት ላይ ግን በአንድ ሳምንት እንግድነት ነው የምትመዘኚው፣ ያኔ ሰው ከሥራሽ በፊት መልክሽን ያያል።

ያ ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። ልብስሽን፣ ድምፅሽን፣ ቁመትሽን የሚያወራ ይኖራል። እኛ ኮረሶች ግን መግቢያችንን የምትሰጠንን ነው የምንወደው። መግቢያችንን ስጪን፣ ጥግ ያለውን አልቶ አትርሺ።

የልምምድ_ፒያኖ

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ከሙሉው ኖታ ማንበብ የሚከብደው ዓይን ስለሚበዛበት ብቻ አይደለም፣ የተጻፈውና የሚሰማው ስለሚለያይ ነው። ሲ ቤሞል ክላሪኔት ዶ ብሎ ሲጻፍለት የሚሰማው ሲ ቤሞል ነው። ኤፍ ሆርን ደግሞ ከተጻፈው አምስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ቪዮላው ኖታው የሚነበብበት የራሱ ምልክት (ክሌፍ) አለው። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሪ። የሞዛርትን ኳርቴት፣ ለአራት ባለ ክር መሣሪያ የተጻፈውን፣ ያዢ፣ አራት መስመር ብቻ ነው። ቪዮላውን ብቻ አንድ ሳምንት። ከዚያ ቪዮላና ቼሎ። ከዚያ ሁለት ሆርን ያለበት የቆየ ሲምፎኒ። ቀስ በይ፣ ግን በየቀኑ። ደግሞ ሁሉንም ኖታ መጫወት ሥራሽ አይደለም። የትኛውን ብትተዪ ዘፋኙ አይጠፋበትም የሚለውን መምረጥ ነው ሥራሽ። ባሱን (የታችኛውን ወፍራም መስመር) አትተዪ፣ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት የሚሰማውን ዜማ አትተዪ፣ የቀረው ይቆይ።

ቋንቋ ላይ ደግሞ ጣልያንኛውን ዛሬ ጀምሪ። ጀርመንኛውና ፈረንሳይኛው ይከተላሉ። ሰዋስው ብቻ አይበቃም፣ ሰው ሲናገር ስሚ። በሞዛርት ኦፔራ ውስጥ ያሉት ግማሽ ንግግር ግማሽ ዘፈን የሆኑ ክፍሎች፣ ረቺታቲቮዎቹ ማለቴ ነው፣ ምት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ የሚመራቸው የዓረፍተ ነገሩ ፍጥነት ነው። ቋንቋው ካልገባሽ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ኖታዎች) መቼ እንደምታስቀምጪ አታውቂም።

ንጋት_ሰሚ

ኪሪል ፔትሬንኮም አለ። ማይኒንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ኦፔራ ቤት ውስጥ ሆኖ በ2001 ሪንግን በተከታታይ አራት ቀን አቀረበ። ከዚያ በርሊን ኮሚሼ ኦፐር፣ ከዚያ ሙኒክ። በ2015 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ተጫዋቾች መሪያቸው እንዲሆን በድምፅ መረጡት፣ በ2019 ሥራውን ጀመረ። ብራና፣ ይህ ኮንሰርት ነው እንግዲህ!

ብራና

አየሁት። በርሊኖች አባዶንም በ1989 መርጠዋል፣ ስለዚህ ሁለቱም መንገድ እዚያ ያደርሳል ማለት ነው። ግን እቀበላለሁ፣ አባዶም ቢሆን ላ ስካላ ውስጥ 18 ዓመት ቆይቷል። ከዘፋኝ ጋር ሳይኖር በርሊን አልደረሰም። ልምምድ ላይም ብዙ አያወራም ነበር፣ ተጫዋቾቹን እርስ በርስ ተደማመጡ ነበር የሚላቸው።

ሆኖም ዋዜማ፣ ኦፔራ ቤቱን ከያዝሽ እጅሽን አታስርሺ። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ስድስት ጓደኛ ሰብስበሽም ቢሆን ምሪ። ይህን እለምንሻለሁ።

ሁለተኛ_ቼሎ

ብራና ያለውን ስሚው፣ ጥሩ ምክር ነው።

ስለ ድንገተኛው ነገር ደግሞ እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ ሥራ በድንገት ነው የሚከፈተው። በርንስታይን ኖቬምበር 14 ቀን 1943 ብሩኖ ዋልተር ሲታመም ያለ ልምምድ ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን መራ፣ 25 ዓመቱ ነበር፣ ኮንሰርቱም በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምወደው ግን የመሪውን የቶስካኒኒን ነው፣ የኛ ሰው ስለሆነ፣ ቼሎ ተጫዋች። በ1886 ከአንድ የጣልያን ኦፔራ ቡድን ጋር ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄደ። 19 ዓመቱ ነው። ሥራው ቼሎ መጫወትና ኮረሱን ማለማመድ ነበር። ጁን 30 ማታ የቬርዲ ኦፔራ አይዳ ሊቀርብ ሲል መሪው ከቡድኑ ጋር ተጣልቶ ቀረ፣ የተተካውን ታዳሚው በጩኸት አስወረደው። ዘፋኞቹ ራሳቸው ናቸው ልጁን ግፋ ያሉት። ወጣ፣ ኖታውን ዘጋው፣ ሙሉውን ኦፔራ በቃሉ መራ። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ሁሉንም በቃሉ ማጥናት ልማዱ ነው። ከዚያስ? በሚቀጥለው ዓመት የቬርዲ ኦቴሎ ላ ስካላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ተመልሶ ሁለተኛ ቼሎ ላይ ተቀምጧል! ሪዮ ላይ እንዲያ ተጨብጭቦለት፣ ቬርዲ ሥራውን ሲያዘጋጅ ከቅርብ ለማየት ብሎ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። የፑቺኒን ኦፔራዎች፣ በ1896 ላ ቦኤምን፣ በ1926 ቱራንዶትን ለዓለም ያስተዋወቀ እጅ ያ ነው።

ዘፋኞቹ ለምን እሱን ገፉት ብለሽ ጠይቂ። ኮረሱን ሲያለማምድ ስላዩት ነው።

ሥራው ጉልበትም ይፈጃል፣ እሱን አልደብቅሽም። ጁዜፔ ሲኖፖሊ በ2001 በርሊን ላይ አይዳን ሲመራ 3ኛው ገቢር ላይ ወደቀ፣ በዚያው አረፈ፣ 54 ዓመቱ ነበር። እንቅልፍሽን ጠብቂ።

ዋዜማ

አርብ ነው። ኦፔራ ቤቱን ይዣለሁ። የወጣቶቹን ኦርኬስትራ በጨዋ ደብዳቤ አመስግኜ፣ በእረፍት ቀኔ መጥቼ የባለ ክር መሣሪያዎቹን ልምምድ ላግዝ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እሺ ብለውኛል። ብራና፣ ይህ ያንተ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስጀምር እጽፍላችኋለሁ።

(ከሦስት ወር በኋላ)

ዋዜማ

ሰላም፣ ይህን የድሮ ውይይታችንን ከታች ቆፍሬ አወጣሁት፣ ቃል ስለገባሁ።

የፑቺኒ ኦፔራ ቶስካ ላይ ነን። 2ኛው ገቢር ላይ የፖሊስ አለቃው ስካርፒያ እራት ላይ ተቀምጦ ሳለ በመስኮቱ ከውጭ የሚሰማ የኮረስ መዝሙር (ካንታታ) አለ፣ ቶስካና ኮረሱ ከመድረክ ጀርባ ሆነው የሚዘፍኑት። ረዳት መሪው ሌላ ልምምድ ላይ ስለነበር ሰኞ ዕለት «አንቺ ያዢው» ተባልኩ። አንድ ትንሽ ስክሪን፣ አንድ የኖታ መብራት፣ ሠላሳ ሰው። በትር አልነበረኝም፣ በእርሳስ ነው የመታሁት።

የመጀመሪያው ጊዜ ስክሪኑን ተከተልኩ፣ ዘገየን። ከጉድጓዱ በስልክ «ዘግይታችኋል» ተባለ። ሁለተኛው ጊዜ አልቶ የጻፍሽው ትዝ አለኝ። ስክሪኑን አየሁ፣ ግን ከእሱ ትንሽ ቀደም ብዬ ተነፈስኩ። ሰዎቹ አብረውኝ ተነፈሱ። ሰማሁት! ያንን ከኋላ ወንበር ሆኜ የሰማሁትን ድምፅ፣ አሁን ከፊቴ። ከዚያ ስካርፒያ መስኮቱን ዘጋው፣ እኔም እጄን ዘጋሁ፣ ሠላሳውም አንድ ላይ ዝም አሉ። ከጉድጓዱ ምንም አልተባለም፣ ልምምዱ ዝም ብሎ ቀጠለ። ይህ ጥሩ ምልክት እንደሆነ ኋላ ነው የነገሩኝ።

ጥግ ያለችውን አልቶም አልረሳሁም፣ መግቢያዋን ሰጥቻታለሁ።

ጋሽ ቼሎ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ነገ 3ኛው ገቢር ነው፣ እኔ ፒያኖው ላይ ነኝ። አራቱ ቼሎ ለብቻቸው የሚጫወቱት ቦታ አለ አይደል፣ የቶስካ ፍቅረኛ ካቫራዶሲ ደብዳቤ በሚጽፍበት አካባቢ። እዚያ ላይ መሪው እንዴት ቢያስገባችሁ ነው የምትወዱት? ለጊዜው በፒያኖ ላስመስለው ነው፣ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ_ቼሎ

አይቸኩል። አራታችንም ቀስታችንን ክሩ ላይ እስክናስቀምጥ ይጠብቅ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይተንፍስ። እጁን ብዙ አያንቀሳቅስ፣ አራት ሰው ነን፣ እንደማመጣለን። ፒያኖ ላይ ስትጫወቺው ደግሞ የታችኛውን መስመር ከፍ አድርጊው፣ እኛ እሱ ላይ ነው የምንደገፈው።